አገጭ ቀና

የፀጉር ቤቱ ጠቅላላ ጉባኤ ዛሬ ረፋድ ላይ ባካሄደው አስቸኳይ ስብሰባ፣ አለቃ የተባለው ቡችላ የመጨረሻ ፈተናውን እንዲወስድ በአብላጫ ድምፅ ወሰነ። በጉባኤው የተገኙት ፀጉር አስተካካዩ፣ ታላቅ እህቱ፣ እንዲሁም ፊቱን አረፋ ተቀብቶ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ አንድ የሂሳብ መምህር ናቸው። አለቃ የመጥረጊያ እጀታ እያኘከ ስለነበር ድምፅ አልሰጠም።

«ሕጉን ልድገመው» አለች እህትየው። የቤቱም የወንበሩም ባለቤት እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት የግራ ጫማዋን አለቃ በልቶባታል። «ቁጭ በል ስትለው ቁጭ ካለ፣ በቃ እስክትለውም ካልተነሳ፣ ይኑርልህ። እምቢ ካለ ግን ለባለ መጋዘኑ እደውላለሁ። ሰንሰለት ገዝቶ እየጠበቀው ነው።»

«እታለም፣ ገና ሕፃን እኮ ነው።»

«ጫማዬን ሲጨርስ ግን ጎልማሳ ነበር።»

ፀጉር አስተካካዩ ካላወራ እጁ የማይሠራለት ሰው ነው። ዛሬ ዛሬ ግን ደንበኛው ሁሉ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ይመጣና ጭንቅላቱን ብቻ አበድሮት ይሄዳል። የቀረው ሰሚ አለቃ ነው። ከመስታወቱ ሥር ተጋድሞ፣ አንዱን ጆሮ አቁሞ አንዱን ጥሎ፣ ወሬውን ከነቅጥያው ያዳምጥለታል። እንዲህ ያለ ጆሮ መጋዘን በር ላይ ሊታሰር?

ችግሩ፣ አለቃ ሰሚ እንጂ ታዛዥ አልሆነም። ሥልጠናው የሚካሄደው በሥራ መሃል፣ ደንበኛው አረፋ ተቀብቶ ጢሙ እስኪለሰልስ በሚጠበቅባት ጊዜ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ በብስኩት አባበለው፣ በቁጣ አስፈራራው፣ ጭራሽ ራሱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አሳየው። አለቃ ግን ብስኩት ለመብላት መቀመጥ አያስፈልግም የሚል ጽኑ አቋም ነበረው።

«ቁጭ በል» አለ አሁን፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።

አለቃ መጥረጊያውን ተወ። ብድግ ብሎ ወደ ወንበሩ ሄደና፣ በኋላ እግሮቹ ቆሞ የመምህሩን ጉልበት ይቧጥጥ ጀመር።

«እኔን አይደለም ያለው፣ አንተን ነው» አለ መምህሩ ከአረፋው ውስጥ። «ይሄ ልጅ ከተማሪዎቼ ጋር ዝምድና አለው መሰለኝ።»

«ቁጭ በል፣ አለቃዬ። እዚች ጋ። እባክህ።»

ወይ ንቅንቅ። አለቃ መምህሩን ሽቅብ እያየ ያላዝናል።

«በቃ፣ አየነው» አለች እህትየው፤ ስልኳን አወጣች።

ፀጉር አስተካካዩ ለመናገር ፈልጎ ቃል አጣ፤ በዕድሜው ይህ ሲደርስበት የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። መምህሩ አንጀቱ አልችል አለ። «እትዬ፣ አንዴ ይታገሡት» እያለ፣ ሊያማልድ ከነጨርቁ ከወንበሩ ተነሳ።

ገና ቀና ከማለቱ አለቃ ወንበሩ ላይ ዘሎ ወጣ። ቁጭ አለ። ጀርባውን መደገፊያው ላይ ለጠፈ፣ ፊቱን ወደ መስታወቱ መለሰ፣ አገጩን ወደ ጣሪያው ቀና አደረገ። ከዚያ ፀጥ።

የእህትየው ጣት ስልኩ ላይ እንደተቀሰረ ቀረ።

እዚህ ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ «ቁጭ በል» ይባላል። የተባለው ሁሉ የት ነው ቁጭ የሚለው? ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የተላጨ አንድ ሰው አለቃ አይቶ ያውቃል? ወንበሩ ደግሞ በሥልጠናው ሰዓት ሁሌም ሰው ነበረበት። ለካ ልጁ ትምህርቱን ከጨረሰ ቆይቷል፤ ወረፋ ነው የያዘው።

«ዘንበል» አለ ፀጉር አስተካካዩ በሹክሹክታ። አለቃ አንገቱን ዘንበል አደረገ። «ቀና።» ቀና አለ። ብሩሹን ሲያስጠጋለት ዓይኑን ጨፈነ።

«እኔ ያልኩት መሬት ላይ ነው» አለች እህትየው፤ ድምፅዋ ግን መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«ቁጭ በል ነው ያልሽው። መምህር፣ የት ብላለች?»

«ቦታ አልተጠቀሰም» አለ መምህሩ፤ አረፋው ከአገጩ ጠብ አለ። «ጥያቄው ላይ ባልተሰጠ ነገር ተማሪ አይጣልም።»

እህትየው አፏን በመዳፏ ግጥም አድርጋ ያዘች። ሳቁ በአፍንጫዋ በኩል መንገድ አገኘ። ከዚያ ወዲያማ ማን ይመልሰው፤ ግድግዳውን ተደግፋ ፍርስ አለች። ዓይኗን ስትጠርግ ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቷል።

«በቃ እስክትለው ነው ያልኩህ» አለች፣ ገና ትንፋሿ ሳይሰበሰብ። «እንግዲህ ደንበኛህ ነው፣ ጨርሰው። አፉ ዙሪያ አሳጥርለት፤ የጫማዬ ክር ሳይኖርበት አይቀርም።»

ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን ከመምህሩ አንገት ፈታ፣ ጧ አድርጎ አራገፈ፣ አለቃን አለበሰው። ማበጠሪያና መቀሱን አነሳ። «ትናንት ምን እንደሰማሁ ልንገርህ?» ሲለው አንዱ ጆሮ ቆመ። መምህሩ ከነአረፋው አግዳሚው ላይ ሄዶ ተራውን ያዘ።

በዚህ መሃል ጎረቤቱ ወጣት ፎቶ አንሺ፣ ፀጉሩ ጆሮውን ውጦት፣ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። ገብቶም ቆመ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ወረፋ አለ።»

«ቡችላ እኮ ነው።»

«ቀድሞሃል።»

ፎቶ አንሺው ወደ መምህሩ ዞረ፤ መምህሩ አረፋው እየደረቀበት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ወደ እህትየው ዞረ፤ እሷ ደግሞ እንደገና ግድግዳውን ይዛለች።

«ጋሼ፣ እስቲ ቢያንስ ያስረዱኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን ከአለቃ ጢም ላይ አላነሳም።

«አላስረዳም» አለ። «ቁጭ በል።»