በካሊንዳ ስም የወጣው ማህፀን

«የያኔው ቀዶ ሕክምና ወረቀት ያስፈልገኛል» አለች ዶክተሯ። ማንዳ ጭኗ ላይ ያስቀመጠችውን ፌስታል በመዳፏ ጫን አደረገችው።

ወረቀቱ እዚያው ውስጥ ነው። የባሏ ታናሽ ወንድም ሚስት ካሊንዳ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ሰባት ወር የገፋ ሆዷን በሳሪዋ ሸፍና ወለሉን ታያለች።

«ማህፀኔ ከወጣ እኮ ሦስት ዓመቱ ነው» አለች ማንዳ። «የሌለ ነገር እንዴት ይታመማል?»

«ማህፀንሽ ወጥቷል። የተሰፋበት ጫፍ ግን ውስጥሽ አለ። ደም አየሁ ብለሽ ስትመጪ ናሙና የወሰድኩት ከዚያ ነው። ሴሎቹ ጤነኛ አይመስሉም።» ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ቃላቷን መርጣ ትናገራለች። «ካንሰር ነው አላልኩሽም። በማጉያ መሣሪያ ቀርቤ አየዋለሁ፣ ትንሽ ቆርጬ አስመረምራለሁ። ግን የወጣው ማህፀን ሲመረመር ምን እንደተገኘበት ማወቅ አለብኝ። ያኔ ክፉ ነገር ከነበረ መንገዳችን ሌላ ነው።»

ያኔ ማንዳና ባሏ ለሸንኮራ ቆረጣ ወደ ሳንግሊ እርሻዎች ሊወርዱ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷቸው ነበር። ባልና ሚስት እንደ አንድ ቆንጨራ በሚቆጠሩበት ሥራ፣ በየወሩ ደም እየፈሰሳት የምትተኛ ሴት ባሏንም ታስቀራለች። የእሷ የነጻ ሕክምና ካርድ አልደረሰም፤ የካሊንዳ ደርሷል። በካሊንዳ ካርድ ሆስፒታል ተኛች። አምስት ቀን ሙሉ ነርሶቹ «ካሊንዳ!» ሲሉ «አቤት» አለች። ካሊንዳ ራሷ ቂጣ ይዛ ስትመጣ ደግሞ በጆሮዋ፣ «ዛሬስ እንዴት አደርኩ?» እያለች ስፌቷ እስኪያማት ታስቃት ነበር።

ከአሥራ አንድ ዓመት ጥበቃ በኋላ ካሊንዳ ታረግዛለች ብሎ ማን ጠረጠረ? ልጁ አግድም ተኝቷል። የምትወልደው በቀዶ ሕክምና ነው፤ በዚያው ካርድ።

«እትዬ፣ ከታወቀ ካርዱን ይቀሙኛል» ብላት ነበር ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ። «ጠፋ በይ። አይጥ በላው በይ።»

«አይጥ በላው፣ ዶክተር» አለች ማንዳ።

«የእናንተ አገር አይጥ ወረቀት ይወዳል። ዛሬ አራተኛዋ ነሽ።» ዶክተሯ አልሳቀችም። «እንግዲህ በግምት እሄዳለሁ። በሰው ገላ ላይ መገመት አልወድም።»

እስክሪብቶዋን አነሳች። ካሊንዳ ይሄኔ እጇን ሰዳ ፌስታሉን ጎተተች። ማንዳ አለቀቀችም።

«ተይ!» አለቻት በሹክሹክታ። «ልጅሽስ?»

«ልቀቂው፣ እትዬ። አንቺ ከሌለሽ ልጁን ማን ሊያጥብልኝ ነው?»

ፌስታሉ ተቀደደ። ካሊንዳ ወረቀቱን አውጥታ፣ እጥፋቱን በመዳፏ እየዳጠች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ዶክተሯ ጣቷን ከላይ ስሙ ላይ አሳረፈች።

«ካሊንዳ የምትባለው ማናት?»

«እኔ» አሉ ሁለቱም፣ እኩል።

ዶክተሯ ቀና ብላ የካሊንዳን ሆድ አየች። ከዚያ ማንዳን፣ ከዚያ እንደገና ሆዱን። ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተራ ቁጥር ይጠራል። አንድ ሰው ያስላል።

የዶክተሯ ጣት ከስሙ ተነስቶ፣ ሁለቱም ሊያነቡት በማይችሉት ጽሑፍ ላይ መስመር በመስመር ወደ ታች ወረደ። ካሊንዳ በጠረጴዛው ሥር የማንዳን እጅ ፈልጋ ያዘች።

መጨረሻው አካባቢ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ማንዳ፣ ውጤቱ እዚህ ይሆን እያለች፣ ከጥፍሩ ሥር ያለችውን አጭር መስመር እያየች ጠበቀች። ጣቱ አልተነሳም።