የሎሚው ሱባኤ

ለእህቷ ሠርግ ያሰፋችው ቀሚስ አልዘጋ ቢላት፣ "ሎሚና ሙቅ ውኃ ብቻ እየጠጣችሁ በሃያ አንድ ቀን አሥር ኪሎ ቀንሱ" የሚል ሰባኪ በስልኳ ቪዲዮ አይታ፣ እሱን አምና ጀመረች። ችግሩ ጉርሻ ነበር። ከባሏ ቤተሰብ ጋር እየኖሩ ማዕድ ሲቀርብ አፍን ዘግቶ መቀመጥ ነውር ነው። በሁለተኛው ቀን ሲጨንቃት፣ "ሱባኤ ይዣለሁ" አለች።

"ለማን?" ሲሏት ዓይኗ አልጋ ላይ የዋሉት አማቷ ላይ አረፈ።

"ለእማማ ጤና።"

ከዚያ ወዲያ ማን ደፍሮ ያጉርሳት!

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀር፣ ደረጃ ስትወጣ ዓይኗ ይጨልም ጀመር። ጤና ጣቢያ ያየቻት ሐኪም ተቆጣች። "ዛሬውኑ ብዪ! ውፍረት የሚቀነሰው እየበሉ፣ እየተራመዱ፣ ቀስ በቀስ ነው። እንዲህ ከቀጠልሽ ሠርጉን ከአልጋ ላይ ነው የምትሰሚው።"

እቤት ስትደርስ ማዕድ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ከድፎው ቆርሳ ወደ አፏ ስታስጠጋ በሩ ተከፈተ። ሦስት ወር ከአልጋ ያልወረዱት አማቷ በእግራቸው ቆመዋል፤ ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች እልል ይላሉ።

"ልጄ፣ ሱባኤሽ ደረሰልኝ!" አሉ አማቷ እንባቸውን እየጠረጉ። ከዚያ የታጠፈ ወረቀት ዘረጉላት። "እነዚህም በየቤታቸው የተኛ ሰው አላቸው። አደራሽን፣ ለነሱም ያዢላቸው።"

ዳቦውን ከጀርባዋ ደብቃ በሌላው እጇ ወረቀቱን ተቀበለች። ከፊትም ከኋላም ስም ተጽፎበታል።