የግራ እግር ማሳረፊያ

የደን ጠባቂዋ አጭር ናት፤ መሥሪያ ቤቱ የሰጣት ሞተር ኮርቻው ደረቷ ይደርሳል። ደጃፏ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ካልቆመች ማስነሻውን መርገጥ አትችልም። ያን ቀን ጠዋት ድንጋዩ በቦታው አልነበረም።

"ድንጋይ ደግሞ ማን ይሰርቃል?" አለች።

"እንጃ ልጄ" አሉ ጎረቤቷ ጋሽ ሽብሩ፣ ሞተሩን ደግፈው እያስነሱላት። "ከሰል አክሳዮቹን ካስያዝሽ ወዲህ ነገሩ ደስ አይለኝም። ዛሬ ጫካው ውስጥ እንዳትቆሚ።"

"እግሬ መሬት አይነካ፤ ድንጋይ በሌለበት እንዴት ብዬ እቆማለሁ?" ብላቸው እየሳቀች ሄደች።

ጫካው ጥቅጥቅ ካለበት ኩርባ ላይ አዲስ የተቆረጠ ግንድ መንገዱን ዘግቶ ጠበቃት። ፍሬን ያዘች። ሞተሩ ወደ ግራ ሲያዘነብል እግሯን የምታሳርፍበት ፈለገች። ደግነቱ ልክ በግራዋ በኩል ድንጋይ ነበር። እግሯን አሳረፈችና በረጅሙ ተነፈሰች። ሞተሩ ጠፋ። ዙሪያው ጭር አለ፤ ወፍ እንኳ አይሰማም።

ማስነሻውን ልትረግጥ ቁልቁል አየች። ድንጋዩ ላይ፣ የቤቷን በር ስትቀባ የተንጠባጠበው ሰማያዊ ቀለም ነበር።