አባባ ሳይደርሱ

ስፓቱላው ግድግዳውን ገና ሲነካው ልስኑ ውሃ እንደጠጣ ዳቦ እየተገሸለጠ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ ብቅ አለ፤ ጸጉር ያበቀለ፣ የሚያዳልጥ፣ ከመስኮቱ ሥር እስከ ጥጉ የተንሰራፋ። ሽታው የሠዓሊው ጉሮሮ ላይ ተቀመጠ። ምራቁን መዋጥ ቀፈፈው፤ እንዳይተፋ ደግሞ አከራይዋ በሩ ላይ ቆማለች።

"ማን ፋቅ አለህ? ቅባው ነው ያልኩህ።"

"እትዬ፣ ውሃው የሚመጣው ከላይኛው ቤት መታጠቢያ ነው። ቧንቧው ካልተሠራ ብቀባውም ባልቀባውም ያው ነው።"

"ቧንቧውን ለእኔ ተወው። አንተ ቀለም ቀቢ ነህ።"

እውነቷን ነው። ሰዉ "ሠዓሊው" የሚለው ሊቀልድበት ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከነጭ ግድግዳ ሌላ የሳለው ነገር የለም። ይህን ክፍል ግን በዓመት ተኩል ውስጥ ሲቀባው ሦስተኛ ጊዜው ነው። መጀመሪያ ባልና ሚስት ገቡበት፤ አምስት ወር አልሞላቸውም። ቀጥሎ አንዲት ተማሪ ገባች፤ ልብሷ ሁሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ሻግቶባት እያለቀሰች ወጣች። ሰው በወጣ ቁጥር ሠዓሊው ይጠራል፤ ኪራዩም ይጨምራል። ከተማው ዳር ፋብሪካው ከተከፈተ ወዲህ ቤት ፈላጊ እንደ አሸን ፈልቷል። ትናንት የከሰል ማስቀመጫ የነበረው ሁሉ ዛሬ "ስቱዲዮ" ሆኗል። አሁንም ደረጃው ላይ ሰዎች ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ፤ ደላላው እንደ ሐኪም ቤት አንድ በአንድ ያስገባቸዋል።

"ግቢ የኔ እናት፣ ግቢ" አለች አከራይዋ፣ ድምፅዋ ባንዴ ማር ሆኖ። ከበሩ ወደ ግድግዳው መጥታ ጀርባዋን ለጥቁሩ ሰጥታ በሰፊ ትከሻዋ ከለለችው።

የገባችው ሴት ከሹራቧ ሥር የመድኃኒት ቤት ነጭ ጋውን ለብሳለች፤ ከሥራ ሹልክ ብላ መምጣቷ ያስታውቃል። ጣሪያውን አየች፤ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች። ከዚያ አፍንጫዋን ሰበሰበች።

"እርጥበት አለው እንዴ?"

"የቀለም ሽታ ነው። ባለሙያው ይኸው፣ እሱን ጠይቂው።"

ሴትዮዋ ወደ ሠዓሊው ዞረች። "እውነት ነው ወንድሜ?"

አከራይዋ ዓይኗን ተከለችበት። በሚቀጥለው ወር የሕንፃውን ደረጃ በሙሉ ሊቀባላት በቃል ተስማምተዋል። አዎ ለማለት አፉን ከፈተ፤ ያ ሽታ ምላሱ ላይ ወጣበት።

"እትዬ፣ ኮትዎን እንዳያበላሽብዎት" አላት። "ከኋላዎ እርጥብ ነው።"

አከራይዋ ክሬም ኮቷን ሰብስባ እንደ ሚዳቋ ዘለለች። ግድግዳው ከነጉዱ ተገለጠ።

ሴትዮዋ ጠጋ ብላ አየች፤ በጣቷ ነካችው፤ ጣቷን አየችው። ሠዓሊው ደረቱ ቀለል አለው። ቢያንስ ይህቺን አድኛለሁ አለ በሆዱ።

በዚህ መሃል ከደላላው ብብት ሥር የአንድ ጎልማሳ ጭንቅላት ብቅ አለ። ጥቁሩን አየ፤ አልደነገጠም።

"ተያዘ እንዴ? ካልተያዘ እኔ እንዳለ እወስደዋለሁ።"

"ተይዟል" አለች ሴትዮዋ፣ ዞር እንኳ ሳትል።

አከራይዋ ፈገግ ብላ ሠዓሊውን አየችው። "አየህ" አለችው። ሌላ አልጨመረችም። ውል ልታጽፍ ደላላውን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ሴትዮዋ ወደ ሠዓሊው ቀረበች። "ቶሎ ሸፍንልኝ" አለችው በሹክሹክታ። "አባባ ደረጃውን እየወጡ ነው፤ በየፎቁ እያረፉ ነው እንጂ ደርሰው ነበር። ካዩት አይገቡም፤ እኔ ሸክም ሆንኩብሽ ብለው ወደ አክስቴ ይሄዳሉ። እሷ ዘንድ ደግሞ የሚያስታምማቸው የለም።"

"ምን ያማቸዋል?"

"ደረታቸውን።"

ሠዓሊው ስፓቱላውን ቁልቁል አወረደ። "እህቴ፣ ደረታቸውን እያልሽኝ..."

"አውቃለሁ። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፣ አውቃለሁ። የነበርንበትን ቤት አከራያችን ለፋብሪካው ኢንጂነሮች ሰጥቶ እስከ ቅዳሜ ልቀቁ ብሎናል። ሃያ ሦስት ቤት አየሁ። ሌላ እስካገኝ ነው። አፈር ስሆን ወንድሜ፣ ሳይደርሱ።"

ከታች ምርኩዝ ሲንኳኳ ተሰማ። ከዚያ ሳል፤ ከዚያ ዝምታ። እንደገና ምርኩዝ።

ሠዓሊው ጥቁሩን በጨርቅ ጠረገው። ስቱኮ ለጥፎ ለመድፈን ጊዜ አልነበረምና ሩሎውን ቀለም ውስጥ ነክሮ በላዩ አስኬደው። መጀመሪያ አመድማ ሆነ፤ በሁለተኛው ግራጫ፤ በሦስተኛው ነጣ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የወደቀውን ልስን በእጇ እየለቀመች የጋውኗ ኪስ ውስጥ ትጨምር ነበር።

ሽማግሌው ሲደርሱ ከንፈራቸው ጠቁሯል። የተገለበጠ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። ቀና ብለው ዙሪያውን ቃኙ።

"ንጹሕ ቤት ነው" አሉ። "ብርሃንም አለው። የሠራኸው አንተ ነህ ልጄ?"

"አዎ አባቴ።"

"እጅህ ይባረክ።"

አሜን ማለት ነበረበት። ሩሎውን አንሥቶ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሽማግሌው በምርኩዛቸው ወደ አዲሱ ነጭ አመለከቱ። "አልጋዬን እዚህ አድርጊልኝ፣ ከዚህ ግድግዳ ሥር። ከበሩ የሚገባው ብርድ አያገኘኝም።"

"እሺ አባባ" አለች ልጃቸው።

ሠዓሊው ፊቱን ሳያዞርላቸው ቀለም ያለቀበትን ሩሎ ግድግዳው ላይ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ያንከባልል ነበር።