አልቆም ያለው የራስ መደገፊያ

በያጉዋሮን ከተማ የሸንኮራ ገበሬዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ የሥራ አስኪያጁ ወንበር የራስ መደገፊያ አልቆም አለ። ጠዋት ከፍ አድርገው ያጠብቁታል፤ ከሰዓት ቁልቁል ወርዶ የዶን ኤውሎሂዮን ማጅራት እየገፋ አንገታቸውን ያስደፋቸዋል። አቤት ሊል የገባ ገበሬ፣ ሥራ አስኪያጁ ጉልበታቸውን ብቻ ሲያዩ ሲያገኛቸው የተቆጡ እየመሰለው ቀስ ብሎ ይወጣል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ተስቆበት ያልፍ ነበር። አሁን ግን ዶን ኤውሎሂዮ ጡረታ መውጫቸው ደርሷል። ወንበሩን የምትረከበው ምክትላቸው ዶኛ ኒምያ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ አብራቸው ሠርታለች፤ ያን ወንበር ስትመኝ ፀጉሯ ሸበተ ይላል የከተማው ሰው። በማኅበሩ ደንብ ንብረት የሚረከቡት ሙሉና ደህና ሲሆን ነው። ኒምያ ደግሞ በደንብ ጉዳይ ከመጡባት ለእናቷም አትመለስም።

«መደገፊያው ሳይሠራ አልረከብም» አለች። «ነገ ኒምያ ሰበረችው እንዲባል ነው?»

«አዲስ እንግዛ አቦ!» አለ ሒሳብ ሹሙ ብላስ።

«በገበሬው ገንዘብ? ገና ሳልቀመጥ ሌባ ልታሰኘኝ?»

ርክክቡ ተላለፈ። ይህ ብላስን አንገበገበው። ኒምያ ከፍ ካለች የምክትሉ ቦታ የእሱ ነው፤ ሚስቱም ሹመቱን ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

ዶን ኤውሎሂዮ መሄድ አልፈለጉም። ይህን ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያሻም። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ኤንካርናሲዮን ከተማ ወዳለው ቤቷ ልትወስዳቸው ነው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ግቢ የለው፣ የማንጎ ዛፍ የለው፣ በካርታ የሚያጭበረብሩት ወዳጅ የለው። ስለዚህ መደገፊያው በወረደ ቁጥር ፊታቸው ይበራል።

«አይ ዕቃ! ዛሬም እምቢ አለ?» ይላሉ አንገታቸውን እንደደፉ።

አንድ ቀን ብላስ መሳቢያቸው ውስጥ ካቻቢቴ አየ። ሮጦ ለኒምያ ሹክ አላት።

«ሰውዬው ራሳቸው ናቸው የሚፈቱት!»

«እኔም ጠርጥሬያለሁ» አለች። «በል፣ ዓይንህን ከሳቸው ላይ እንዳትነቅል። እኔ እንደሆነ የቴሬሬ ሻይ ስቀዳ፣ መስኮት ስዘጋ፣ በር ስቆልፍ ፋታ የለኝም።»

ብላስ ብሎኑን በጎማ ጠቅልሎ አጠበቀው፤ ወረደ። ሙጫ ጨመረበት፤ ወረደ። በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣለት። ዶን ኤውሎሂዮን ለምሳ ጋብዞ ቤቱ ወሰዳቸው፤ አጥግቦም በረንዳው ላይ በገመድ አልጋ አስተኛቸው። የቀትር እንቅልፋቸውን እስኪጨርሱ ድረስ እሱ ዓይኑን ሳይከድን እንደ ዘብ ተቀመጠ። ሲመለሱ መደገፊያው ወርዷል።

«ባርኔጣው!» አለ ብላስ ግንባሩን እየመታ። «ስንወጣ ባርኔጣዬን ረሳሁ ብለው ተመልሰው ገብተው ነበርኮ!»

«ወይ እኚህ ሰውዬ!» አለች ዶኛ ኒምያ አጨብጭባ። «ጭራሽ አንተን ሸወዱህ?»

ብላስ ሐሙስ ዕለት ጨከነ። ነገ በያጅ እንደሚያመጣ ለሁሉም አስታወቀ። ዶን ኤውሎሂዮ መደገፊያውን ዳበስ አደረጉ። ኒምያ ግን ተነሳች።

«ቆዳው ቢቃጠልስ? እኔ የተቃጠለ ወንበር ልቀመጥ?»

«ይቃጠል! ይቃጠልና ይቁምልኝ!»

ዓርብ ጠዋት በያጁ ሲንዱልፎ መጣ። ጥቁር መነጽሩን አጥልቆ የመደገፊያውን ዘንግ ከወንበሩ ብረት ጋር በየደው፤ ከዚያም በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት። ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ ከወረደ ጥርሴን አወልቃለሁ» አለ። የቀሩት ጥርሶቹ ብዙ ስላልነበሩ ብላስ ልቡ ሙሉ በሙሉ አላረፈም።

ዶን ኤውሎሂዮ ተቀመጡ። አንገታቸው ቀና ብሎ ቆመ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሰዎቹን ፊት ለፊት አዩአቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ጎበዝ፣ ጥሩ ነው» አሉ።

ርክክቡ ከቀትር እንቅልፍ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ልጃቸው በማግስቱ ጠዋት መኪና ይዛ ትመጣለች።

ኒምያ እንደ ወትሮው ቴሬሬውን በረዶ ጨምራበት ቀዳች። ዶን ኤውሎሂዮ ሌላ ጊዜ በረዶው አልቆ ቅጠሉ ውሃ ውሃ እስኪል ይጠጡ ነበር። ያን ዕለት ገና በመጀመሪያው ዋንጫ «አመሰግናለሁ» አሉ፤ በቃኝ ማለታቸው ነው። ኒምያ ዋንጫውን እንደያዘች የቀላ ዓይናቸውን አየች።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለችና የተረፈውን ራሷ ጠጣችው።

ቀትር ላይ ብላስ ሚስቱን ሊያበስር ፈረጠጠ። ዶን ኤውሎሂዮ ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ በሩ ላይ ዞር ብለው ወንበሩን አዩና በዝግታ ወጡ። ዛሬ የሚከታተላቸው አልነበረም፤ ብየዳ በካቻቢቴ አይፈታም። ከተማው እንቅልፉን ሊተኛ ጸጥ አለ።

ዶኛ ኒምያ መስኮቶቹን ዘጋች፤ በሩን ከውስጥ ቆለፈች፤ ከዚያም ከወንድሟ የተዋሰችውን የብረት መጋዝ ከቦርሳዋ አውጥታ ብየዳውን መቁረጥ ጀመረች።