ቢዘንብ ማን ይደርሳል?

ሳጅን አያንቱ የእማማ ዘይቡን ቤት ፖሊስ እንደሚጠብቅ ለጎረቤታቸው መናገሯ ምን እንዳስከተለ የገባት፣ እማማ አበራሽ በራቸው ላይ እንደቆሙ «ምን ጠፍቶ ነው?» ሲሉ ነው።

ምንም አልጠፋም አለቻቸው። አዲስ አገልግሎት መሆኑን፣ መንገድ የሚሄድ ሰው ለጣቢያው ካሳወቀ ፖሊስ እየተዘዋወረ ባዶ ቤቱን እንደሚያይለት፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው በአጥሩ ዙሪያ ሲመላለስ ጎረቤት እንዳይደነግጥ ደግሞ ቀድሞ መንገር የሥራው ደንብ እንደሆነ አስረዳቻቸው። በዚህ የጅማ ሰፈር እንዲህ እያለች ያንኳኳችው በር ብዙ ነው፤ ሁሉም መርቆ ነበር የሚሸኛት። እማማ አበራሽ አልመረቁም።

«ልጆቻችን ጥርስ ሳያበቅሉ ጀምሮ፣ ዘይቡ መንገድ ስትሄድ ቁልፏ እኔ ጋ ነው የሚከርመው» አሉ። «ጠፋብኝ ያለችውን ንገሪኝ። አልቆጣሽም።»

መልሷንም ሳይጠብቁ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ በሁለቱ ግቢ መካከል ባለችው መሽሎኪያ አለፉ። ሳጅን አያንቱም ጎንበስ ብላ ተከተለቻቸው።

እማማ ዘይቡ የጉዞ ዘንቢላቸውን በረንዳው ላይ አስቀምጠው፣ ከጓሯቸው የለቀሙትን ቡና በማድረቂያው አልጋ ላይ በመዳፋቸው ይበትናሉ። ደዶ የምትኖረው ልጃቸው ሂንድ የመውለጃዋ ቀን ደርሷል፤ አርባዋን ሳያወጡ አይመለሱም። ቡናው ግን ገና ቀይ ነው፤ ብዙ ፀሐይ ይቀረዋል። ሁለቱን ተከታትለው ሲገቡ ሲያዩ እጃቸው ቡናው ላይ ቀረ።

«ቤትሽን ከእኔ የሚጠብቅልሽ ፖሊስ አገኘሽ አሉ» አሉ እማማ አበራሽ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«አስተግፊሩላህ። ከአንቺ?»

«ታዲያ ከማን? በዚህ ሰፈር የቤትሽን ጓዳ የሚያውቅ ሌላ ማን አለ?»

እማማ ዘይቡ ፖሊሷን አንድ ጊዜ በወቀሳ ዐይን ተመለከቷት። ጣቢያ መጥተው ባመለከቱ ጊዜ ጎረቤት ባይሰማ እንደሚሻል ጠቆም አድርገዋት ነበር፤ እሷ ግን የአሮጊት ይሉኝታ ነው ብላ አልፋዋለች። አሁን ነው የታያት። ቁልፍ መንሳት በዚህ ሰፈር ሌባ ነሽ ብሎ አደባባይ ላይ ከመናገር አያንስም፤ በዚህ ምክንያት ተኮራርፈው፣ አንዱ በአንዱ ለቅሶ ሳይቆም የቀሩ ሰዎች ታውቃለች። ሰካራም መገላገል፣ ሌባ ማሳደድ አይከብዳትም። የቡና አልጋ መሃላቸው ያደረጉ ሁለት አሮጊቶችን ማስታረቅ ግን ማንም አላሠለጠናትም።

እማማ ዘይቡ ወደ ቡናቸው ጎንበስ ብለው ጠየቁ።

«አምና እጅሽ የተሰበረው የት ነው?»

«ነግሬሻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ አዳልጦኝ።»

«የጫማሽን ማሰሪያ ያገኘሁት እኮ እዚህ አልጋ ሥር ነው፣ አበራሽ።» እማማ ዘይቡ ቀና አላሉም፤ ጣታቸው ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ይለያል። «ሰኮሩ ሄጄ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ ያ ሁሉ ያለወቅቱ ዝናብ ጥሎ ቡናዬ ጠብታ አልነካውም። አንቺ ግን እጅሽ በጀሶ ታስሯል። ወላሂ፣ ከዚያ ቡና አንድ ስኒ በጉሮሮዬ አልወረደም። እንዳልናገር፣ ደብቀሽኛል። ዘንድሮም ቁልፉን ብሰጥሽ ደመና ባየሽ ቁጥር ትሮጫለሽ። እንግዲህ መንግሥት ይሩጥ አልኩ።»

እማማ አበራሽ የቀኝ እጃቸውን አንጓ በግራቸው ጨበጡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ የሚሄድበት አጥቶ እዚያው ደከመ።

«የተሰበረው እጄ ነው እንጂ ዐይኔ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። ከዚያም ወደ ፖሊሷ ዞሩ። «እስኪ ንገሪኝ ልጄ፤ ቢዘንብ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?»

ሳጅን አያንቱ አንድ የሚያምር መልስ ሰጥታ መገላገል ትችል ነበር። ግን እውነቱን ተናገረች።

«ከውጭ ሆነን ነው የምናየው፣ እማማ። ባለቤት በሌለበት ግቢ አንገባም፤ ደንቡ አይፈቅድም።»

«ቡናው ሲበሰብስ ከውጭ ሆናችሁ ታያላችሁ በይኛ።»

እማማ ዘይቡን ሳቅ አመለጣቸው፤ ጣቢያው ድረስ ሲሄዱ ይህን መጠየቅ ጨርሶ አልታሰባቸውም ነበር። ሳጅን አያንቱም ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ግን ደንቡን በልቧ አገላብጣ አንድ ቀዳዳ አገኘችለት። ቁልፍ የተሰጠው ሰው በሩን ከፍቶ «ግቢ» ካላት፣ ትገባለች። ስልክ ከደወሉላት ደግሞ ጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ ባጃጅም አያስፈልጋትም። ይህንኑ ነገረቻቸው።

እማማ ዘይቡ ቁልፉን ከመቀነታቸው ጫፍ ፈቱት። ወዲያው አልሰጡም። የቡናውን መሸፈኛ ሸራ በእጅሽ እንዳትነኪ፣ በእኔ ሞት፣ ብለው አስማሏቸው። እማማ አበራሽ በደህናው እጃቸው ተቀብለው፣ ሳጅን አያንቱን በርጩማ አስመጥተው በረንዳው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

ሥራቸውንም ያኔውኑ ጀመሩ። ሸራው የት ታጥፎ እንደሚቀመጥ፣ ቀድሞ መሸፈን ያለበት በነፋሱ በኩል ያለው ጫፍ መሆኑን፣ ድንጋዮቹ የትኛው ማዕዘን ላይ እንደሚጫኑ እያመለከቱ ነገሯት። ሳጅን አያንቱ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ እንደ ምልምል አዳመጠቻቸው። እማማ አበራሽ ሲጨርሱ፣ ደመና የሚባል ነገር ወደሌለበት የኅዳር ሰማይ ቀና አሉ።

«ዘነበ» አሉ።

ሳጅን አያንቱ በጠራራው ፀሐይ ወደ ሸራው ሮጠች።