አሥር ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አባቷ ፒንሳውን እንደጨበጠ ክንዱን እስከ ክርኑ ፍሪዘር ውስጥ ከትቶ ቆሟል። እሷ ደግሞ በስልኳ ሰዓት እየያዘች በንዴት ልትፈነዳ ደርሳለች። ቃል ቃል ነዋ! አዲስ ሥራ ያገኘበት ከተማ ብርዱ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ዲግሪ ነው፣ ፍሪዘሩም ልክ እንደዚያው። ፒንሳውን ሳይጥል አሥር ደቂቃ ከቆየ ይሄዳል፤ ከጣለ ግን እዚሁ ከእሷና ከእናቷ ጋር ይቀራል።

«ሰባት ደቂቃ» አለች ጥርሷን ነክሳ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ይጮሃል ብላ ነበር እኮ! ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ የሚፈራ ሰውዬ!

«አየሽ የኔ እመቤት? ብርድ ወሬ ነው። አባትሽ ብረት ነው፣ ብረት!»

«ብረትማ ይዝጋል።»

«አቤት ምላስ!» ብሎ ሳቀ።

ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ካልሲዋ ራሰ። ጎንበስ ስትል ከፍሪዘሩ ሥር ውሃ ኩልል ይላል። ገመዱን በዓይኗ ተከተለችው። ሶኬቱ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

አባቷ ሳቁን ዋጠ። «ከጠዋት» አለ ዓይኑን አሽሽቶ። «የጣቴን ቁርጥማት አውቀዋለሁ፣ ልጄ፤ በብርድ ፒንሳ አያስይዘኝም። ግን መሄድ ፈልጌያለሁ።»

እንባዋ መጣ፣ ንዴቷ ግን ቀደመው። ሶኬቱን አንስታ ሰካችው። ፍሪዘሩ እንደ ተቆጣ ሽማግሌ አጉረመረመ።

«እጅህን እንዳታወጣ!» አለችው ሰዓቱን ወደ ዜሮ እየመለሰች። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «እስኪበርድ እጠብቃለሁ። እኔ የትም አልሄድም።»